እርግቧን ከመስደባችሁ በፊት

ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር የማይቀር አንድ ንግግር አለ። «የዛሬ ወጣት በአቋራጭ መክበር ይፈልጋል። ላብ ማፍሰስ አይወድም። ውርርድ ቤት ተኮልኩሎ የማያውቀውን የእንግሊዝ ቡድን አሰላለፍ ሲተነትን ይውላል።» ተናጋሪው ይህን ብሎ መነጽሩን ያስተካክላል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ የሻይ ዕረፍት ይሆናል። የሚወቀሰው ወጣት አዳራሹ ውስጥ የለም። ቢኖርም ማይክ አይደርሰውም።

እኛ ማይክ ባይደርሰንም መጻፍ እንችላለንና መልስ እንስጥ። መልሳችን የሚጀምረው ከእርግብ ነው። አትሳቁብን፤ እርግቧ ከብዙ ተሰብሳቢ የተሻለ ታስረዳለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረ፤ በ1904 ተወልዶ በ1990 እ.ኤ.አ. የሞተ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የራባቸውን አይጦች ትንሽ ሣጥን ውስጥ እያስገባ ያጠና ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ዘንግ አለ። አይጧ ዘንጉን ስትጫን አንዲት የምግብ እንክብል ትወድቅላታለች። እንክብሎቹን የሚሠራው ራሱ ስኪነር ነው፤ በኪኒን መሥሪያ፣ በገዛ እጁ። ስምንት አይጦች እያንዳንዳቸው በቀን መቶ ያህል እንክብል ይጨርሱበታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ቢያሰላው ሰኞ ረፋድ ሳይደርስ ሊያልቅ ነው። ወይ ቅዳሜውን ኪኒን ሲጠፈጥፍ ያመሻል፣ ወይ መላ ይፈልጋል። መላውን መረጠ፦ ዘንጉ በተጫነ ቁጥር ለምን አበላቸዋለሁ? በደቂቃ አንዴ ብቻ ብሰጣቸውስ?

ይህን ታሪክ እሱ ራሱ በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እያሾፈ ተርኮታል። እኛን ግን ሳቅ አልመጣልንም። አይጦቹ ምግቡ ሲቆጠብባቸው አላኮረፉም፤ ሥራም አላቆሙም። መጫናቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ሰጥቶ ብዙ ማሠራት እንደሚቻል የታየው እንግዲህ አንድ ሰው ቅዳሜውን ላለማቃጠል ሲል ነው ማለት ነው።

ቆይቶ ስኪነር ወደ እርግብ ዞረ። ከቻርልስ ፈርስተር ጋር ሆኖ በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ድብልብል ያለ መጽሐፍ ከ900 በላይ ሥዕላዊ መግለጫዎች አሉት። ሁሉም የሚሽከረከሩት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ሽልማቱ ምን ያህል ይሁን አይደለም ጥያቄው፤ በምን ሥርዓት ይሰጥ ነው። በተወሰነ ሥራ ልክ? በተወሰነ ጊዜ? ወይስ ሥራውም ጊዜውም እየተለዋወጠ? ያቺው እርግብ፣ ያው ጥሬ፣ ያው ሣጥን፤ የአሰጣጡ ሥርዓት ሲቀየር ግን እርግቧ ሌላ እርግብ ትሆናለች።

ለአገራችን ሰው ሥርዓቶቹን ለማስረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በልክ ከሚከፈለው እንጀምር፦ ሃምሳ ጊዜ ከነቆርሽ አንድ ጥሬ። ቡና ለቃሚ በኪሎ ሲከፈላት እንደማለት ነው። እርግቧ በፍጥነት ትሠራለች፤ ከተከፈላት በኋላ ግን ትንሽ አረፍ ትላለች። የጊዜውን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ሽልማቱ የሚመጣው በተወሰነ ቀን ከሆነ ከዚያ ቀን በፊት መልፋት ለምኔ ነው። እርግቧ መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ ትቆማለች፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ሩጫ ትጀምራለች። ሴሚስተሩን ሙሉ ካፌ የከረመው ተማሪ የፋይናል ሳምንት ላይብረሪ ውስጥ ወንበር ሲሻማ ያየ ሰው የስኪነርን ሥዕል አይቷል። መምህራኖቻችን ያኔ «ሰነፎች» ይሉን ነበር። ፈተናውን በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ብቻ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን አልተነገረንም።

ሦስተኛው የቢሮ ነው። ኃላፊው አንዳንድ ቀን ይኖራል፣ አንዳንድ ቀን «ስብሰባ ናቸው»። ማኅተሙ የሚገኝበትን ቀን ማንም አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ እንሄዳለን። ሳንቸኩል፣ ሳናቆም፣ በአንድ ወጥ ፍጥነት። «ነገ ተመለሱ» የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ስንረግመው ኖረን እንዴት እንደሚሠራ ሳናጠና መቅረታችን ይገርማል። ሁልጊዜ «የለም» ቢሉን እኮ እንተወው ነበር። የሚያመላልሰን ያ አንዱ የተገኘበት ቀን ነው።

አራተኛው ነው ጉዳያችን። ክፍያው ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ስንተኛው ንቁሪያ እንደሚከፈል ግን አይታወቅም። አሁን ሦስተኛው፣ ቀጥሎ መቶ አርባኛው፣ ከዚያ ሰባተኛው። እርግቧ እዚህ ላይ ዕረፍት የሚባል ነገር ትረሳለች። በፍጥነት፣ በማያቋርጥ ሁኔታ፣ ጥሬ ስትበላም ስታጣም ትነቁራለች። ክፍያው ጨርሶ ሲቋረጥ እንኳ፣ በተነቆረ ቁጥር ይከፈላት ከነበረችው እርግብ ይልቅ ለመተው የምትቸገረው ይህችኛዋ ናት። ማጣት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለምና። መቶ ጊዜ አጥታ መቶ አንደኛው ላይ በልታለች፤ ዛሬስ መቶ አንደኛው እንደማይመጣ በምን ታውቃለች?

ስኪነር ራሱ በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ይህ አራተኛው ሥርዓት የቁማር ቤት ሥርዓት መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ እዚህ ላይ የምንናገረው ነገር የኛ ግኝት አይደለም፤ ሰባ ዓመት ያለፈው የመማሪያ መጽሐፍ እውቀት ነው። ውርርድ ቤት የሚከፍተው ሰው ያውቀዋል። የሚሰብከን ሰው ብቻ ነው የማያውቀው፣ ወይም የማያውቅ የሚመስለው።

አማርኛችን ከሁሉም በፊት የገባው ይመስላል። ውርርድ ቤት በር ላይ ቆማችሁ ስሙ። ያሸነፈው «በላሁ» ይላል፤ የተሸነፈው «ተበላሁ»። ማሸነፍና መሸነፍ የሚሉት ቃላት ስታዲየም ውስጥ ቀርተዋል። እዚህ ያለው ጥሬና ምንቃር ነው።

አሁን ወደ ቲኬቱ እንምጣ። የኛ ሰፈር ልጅ አንድ ጨዋታ ላይ ብቻ አይመድብም። አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ያስራል፤ በሃያ ብር ብዙ ሺሕ ለመብላት። ሒሳቡን አብረን እናስላው። አወራራጁ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ 5 በመቶ ብቻ ለራሱ ይቆርጣል እንበል። ይህ ምሳሌ ነው፤ ቁራጩ ከቤት ቤት ይለያያል። አንድ ጨዋታ ላይ የተመደበ 100 ብር በአማካይ 95 ብር ሆኖ ይመለሳል። አሥር ጨዋታ ሲታሰር ግን ያ 5 በመቶ አሥር ጊዜ በላይ በላዩ ይቆረጣል፤ ተመላሹ ወደ 60 ብር ይወርዳል። አሥራ አምስት ሲሆን ወደ 46 ብር። እንግዲህ ቲኬቱ በረዘመ ቁጥር የሚያምረው ለማን እንደሆነ ፍረዱ። ብዙ ጨዋታ ላሰረ ደንበኛ ቦነስ የሚጨምሩ ቤቶች ለምን ደግ እንደሆኑም ገልጦ ያሳያል።

ረጅሙ ቲኬት ሌላም ሥራ አለው፤ «ለጥቂት» የሚባለውን ያመርታል። ከአሥራ ሦስት ጨዋታ አሥራ ሁለቱ ገባ፤ አንዱ በ90ኛው ደቂቃ ጎል ተቃጠለ። ልጁ ቲኬቱን ለሰፈሩ ሁሉ ያሳያል። የጠፋበትን ብር እያሳየ መሆኑን ረስቶታል፤ እሱ የሚያሳየው ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እነ ሉክ ክላርክ የአንጎል ምስል እያነሱ ያካሄዱት ጥናት አለ፦ ለጥቂት ማጣት ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን የመጫወት ፍላጎትን ይጨምራል፤ በማሸነፍ ጊዜ የሚነቃውን የአንጎል ክፍልም ይቀሰቅሳል። አሥራ አምስት ጨዋታ ማሰር ማለት እንግዲህ ለጥቂት የማጣትን ዕድል በገዛ ገንዘብ መግዛት ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ኳስ ቢያንስ ዘጠና ደቂቃ አላት። ሰው በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ይጠማል፣ ይነሣል፣ እናቱ ትደውልለታለች፣ ሐሳቡን ይቀይራል። አሁን ስልክ ላይ የመጣችው አውሮፕላን ግን ይህን ጊዜ እንኳ ከልክላለች። አውሮፕላኗ ትነሣለች፤ ብሩ በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ እያለ ይቆጥራል፤ ጠፍታ ሳትበር «አውጣ» የሚለውን የነካ በላ፤ የዘገየ ተበላ። ከዚያ ወዲያው እንደገና። የስኪነር እርግብ እንኳ እንዲህ አላጣደፈቻትም። ብሩ ደግሞ ከኪስ አይወጣም፤ ከስልክ ወደ ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ለመብራትና ለውኃ ክፍያ ሰልፍ የሚያስቀር መስሎን ደስ ብሎን ነበር። አስቀርቷልም። የውርርዱንም ሰልፍ አብሮ አስቀረው።

ሴቶቹስ? ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ውርርድ ቤት ውስጥ ብዙ አታገኙንም። እኛ የምንነቁረው ሌላ ቁልፍ ነው። ፎቶ ለጥፎ ማን እንደወደደው በየሁለት ደቂቃው ስልክ መክፈት፣ አንዳንዴ አርባ ሰው፣ አንዳንዴ ሦስት። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሾን ፓርከር በ2017 እ.ኤ.አ. በአደባባይ እንደተናገረው ነገሩ የተሠራው የሰውን ልቦና ድክመት ታስቦ ነው፤ ሠሪዎቹም እያወቁ ነው የሠሩት። ይህ የሌላ ቀን ርዕስ ነው። ልዩነቱ እኛን የሚያስከፍለን ቀኑን መሆኑ ነው፤ ወንድሞቻችንን የቤት ኪራይ ያስከፍላቸዋል።

አሁን ሰባኪው የሚጠብቀውን ክርክር እናንሣ። «ማን አስገደዳቸው?» ይላል። ማንም። እርግቧንም ማንም አላስገደዳትም፤ አንገቷን ይዞ ምንቃሯን ግድግዳ ላይ የሚያጋጭ ሰው አልነበረም። የስኪነር ሥራ ጠቅላላ ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ያለ ዱላ ማዘዝ ይቻላል። እሱ ይህን እንደ ተስፋ ነበር የሚያየው። በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም ዱላ የያዘ ገዥ አመፅ ሲያስነሣ ጥሬ የያዘ ገዥ ግን እንደማያስነሣ አስተውሎ አስጠንቅቋል። «በፈቃዱ ነው» የሚለው መልስ ለዚህ ነው ከንቱ የሚሆነው። ሥርዓቱ የሚሠራው ፈቃድን በማስገደድ አይደለም፤ ፈቃድን በማዘጋጀት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ስለ ስኪነር የሚያወሩ የማበረታቻ አሠልጣኞች ሁሉ የሚዘሉት። «አንጎላችሁ እንዲህ ነው፣ ራሳችሁን ግዙ» ብለው ትኬት እየሸጡ የሚነግሩን አሠልጣኞች። የቤተ ሙከራው እርግብ ሣጥኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ትመዘናለች። በነፃ ብትበላ ከሚኖራት ክብደት 80 በመቶ ያህል ላይ እንድትቆይ ምግቧ ይቀነሳል። ጠግባ የገባች እርግብ ቁልፉን አትነቁርም፤ ሥርዓቱ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን። መጀመሪያ ረሃቡ ነው የሚዘጋጀው።

የኛን ልጅ ማን መዘነው? ሥራ ፍለጋ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነበበውን ትውልድ፣ አሁን ደግሞ ቴሌግራም ላይ የማስታወቂያ ቻናል ሲያገላብጥ የሚያድረውን ትውልድ? ለጀማሪ ሥራ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» እየተጠየቀ የሚመለሰውን? በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል ባወጣው ሪፖርት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። «ላብ አያውቁም» የሚለን ሰው ላብ በወር ስንት እንደሚያወጣ ይንገረን። ሃያ ብር ይዞ ውርርድ ቤት የሚገባ ልጅ ሒሳብ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም የሚገባው። በቁጠባ፣ በትዕግሥት፣ በቅንነት የሚደርስበትን ቦታ አስልቶታል። ያ ስሌት ቤት አያስሠራም፤ ቤት አያስከራይም። ቲኬቱ ውሸታም መሆኑን ቢያውቅም ሌላው መንገድ እውነተኛ ሆኖ አልታየውም። እዚህ ላይ ልጁን ጻድቅ አናደርገውም። የእህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ የመደበ ልጅ የመደበው የእህቱን ክፍያ ነው፤ ይህን ማንም ሥርዓት አይሸፍንለትም። ግን ሺዎች አንድ ዓይነት ጥፋት በአንድ ዓይነት ሰዓት ሲያጠፉ የሺዎቹን ጠባይ አንድ በአንድ ማረም ሞኝነት ነው። ሣጥኑን ማየት ይቀላል።

ሣጥኑን ደግሞ መንግሥት ያውቀዋል። የቁማር ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ብሔራዊ ሎተሪን ለአሥርት ዓመታት በራሱ እጅ ያስተዳደረው እሱ ነው። የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ጨዋታ ከ1,000 ብር በላይ ያሸነፈ ሰው ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ፤ ለግብሩም ሲባል ተጫዋቹ በቁማር የከሰረው ገንዘብ እንዳይታሰብለት ደነገገ። ልብ በሉ፦ ሕጉ የበላህበትን ቀን ያያል፤ የተበላህባቸውን ቀናት አያይም። ልጁም እንደዚያው ነው የሚያስታውሰው! አንድ ሕግና አንድ ቁማርተኛ በአንድ ዓይነት የሒሳብ መዝገብ ሲሠሩ ስናይ መጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይተን ተናደድን።

ከዚያ አልፎ አልፎ ውርርድ ቤቶች ታሸጉ የሚል ዜና እንሰማለን። ልጆቹ ተበተኑ፣ ቲቪው ተወረሰ፣ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ይከፈታል። ወይም ሌላ በር ይከፈታል፤ ወይም በር የማያስፈልገው ስልክ ላይ ይሄዳል። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ቅጣት መሆኑ ነው። ለቤቱ ባለቤት ይህ የሥራ ወጪ ነው፤ ለልጁ ደግሞ የሩጫ ልምምድ።

«ሰውን ከእርግብ ጋር ታወዳድራላችሁ?» የሚለው ተቃውሞ ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ ከሰባኪው ሁሉ ይህኛውን እናከብራለን። ኖም ቾምስኪ በ1959 እ.ኤ.አ. ስኪነር ስለ ቋንቋ የጻፈውን መጽሐፍ ሲገመግም ያደቀቀው ከዚህ በሚቀርብ ነጥብ ነው፤ የቤተ ሙከራውን ቃላት ወደ ሰው ንግግር ማምጣት ንግግርን አያስረዳም ሲል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሙከራዎችም ለሰው የሚያደላ ነገር አሳይተዋል። በጊዜ በሚከፈለው ሥርዓት ውስጥ አፍ ያልፈቱ ሕፃናት ልክ እንደ እርግቧ ያርፋሉ፣ ይሮጣሉ። የሚናገር አዋቂ ግን እንደዚያ አይሆንም። ለራሱ ሕግ ያወጣል፤ «በየደቂቃው ነው የሚመጣው» ብሎ ይናገራል፤ በተናገረው መሠረት ይሠራል። ሕጉ ስህተት ቢሆን እንኳ።

የኛም ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሰው ከእርግብ የሚለየው ሥርዓቱን ማንበብ ስለሚችል ከሆነ፣ ይነበብለት። እያንዳንዱ ቲኬት ላይ፣ እያንዳንዷ አውሮፕላን ሥር፣ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ በትልቅ ቁጥር ይጻፍ፦ ባለፈው ዓመት እዚህ ከተመደበው ከእያንዳንዱ 100 ብር ስንት ብር ተመለሰ። እንግሊዝ አገር የቁማር ማሽን ለተጫዋቹ የሚመልሰውን መቶኛ እንዲያሳውቅ ይገደዳል፤ የእንግሊዝን ኳስ ካስመጣን ይህንንም ማስመጣት አያቅተንም። አንድ ቲኬት ላይ የሚታሰረው ጨዋታ ይገደብ። የ«ተመለስ፣ 50 ብር ቦነስ አለህ» መልእክት ለተወው ልጅ በሌሊት መላክ ይከልከል። መተው ለጀመረች እርግብ አንዲት ጥሬ ወርውሮ መመለስ ማለት ነው፤ ይህን የሚልከው ሰው ሥራውን ያውቃል። ስልኩ ላይ ደግሞ ልጁ ራሱ የሚቆልፈው፣ ቆልፎ ለስድስት ወር መክፈት የማይችለው ቁልፍ ይኑር።

እነዚህ ሁሉ ረሃቡን አያጠፉም፤ ያንን እናውቃለን። ረሃቡ የበጀትና የፖሊሲ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ አንዘልቀውም። ተመላሹን ቲኬት ላይ ማተም ግን ከሕትመት ቀለም ያለፈ ወጪ የለውም። ኮምፒውተሩ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ አሁንም ይቆጥረዋል፤ ግብሩ የሚሰላው ከዚያው ነው። ቁጥሩ አለ። የጎደለው እንዲታተም የሚያዝ አንድ መመሪያ ነው፤ መመሪያውን የማውጣት ሥልጣንም ፈቃዱን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት እጅ ነው ያለው።